ካሜራው የዘለላት ሴት

በቆሰበር ማምሻውን ጉሙ ሲወርድና ብርዱ ሲጠነክር፣ ከቢሮም ከገበያም ከትምህርት ቤትም የተመለሰ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ ከቴሌቪዥኑ ፊት መሰብሰቡ የተለመደ ነው። ቴሌቪዥን የሌለው ደግሞ ከልጁ የእጅ ስልክ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። እናት ሽንኩርቷን እየላጠች፣ አባት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተዘርግተው ፊልም ይታያል። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጥያቄ ያን ፊልም የሚመለከት ነው። ለመሆኑ ታሪኩን የሚያየው ዓይን የማን ነው?

ይህ የፊልም ሠሪዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባለ ባደግንበት አገር፣ ሴት ልጅ ስለ ራሷ የምትሰማው አብዛኛው ታሪክ ሌላ ሰው ያየላትና የተናገረላት ነው። ተረቱን፣ ፉከራውን፣ የሠርጉን ዘፈን አስታውሱ። ስለዚህ አንድ የታወቀ ፊልም በሴት ዓይን እንደገና ተሠራ ሲባል፣ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። ከዚህ በታች እንደምታዩት፣ ከባሕር ማዶ የተነሣው ነገር ዞሮ ዞሮ ከማድ ቤታችን በር ላይ ይደርሳል።

የፈረንጅ የፊልም ሰዎች «ጎቲክ» ብለው የሚጠሩት አንድ ዓይነት ታሪክ አለ። ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሆነ፣ ያረጀ ትልቅ ቤት ያለበት፣ መጋረጃው የማይገለጥ፣ በሩ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ውጭው ጭጋግና ደን፣ ውስጡ ምስጢር ነው። መናፍስት ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ባይኖሩም ፍርሃቱ አይቀርም። የክረምቱን ጉም በቀርከሃው መካከል ሲሳብ ያየ፣ የዘንገናን ሐይቅ በጭጋግ ተሸፍኖ የተመለከተ የቆሰበር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእንዲህ ያለው ታሪክ ውስጥ ሴቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ሻማ ይዛ በጨለማው መተላለፊያ የምትሄደዋ ናት። እኛ ተመልካቾች ስትፈራ እናያታለን። እርሷ የምታየውን፣ የምታስበውንና የምታውቀውን ግን እምብዛም አያሳዩንም።

አሜሪካዊው ደራሲ ቶማስ ከሊናን እ.ኤ.አ. በ1966 እንዲህ ያለውን ታሪክ በልብ ወለድ መልክ አሳትሞ ነበር። ርእሱ «ዘ ቢጋይልድ» ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የተታለሉት» ወይም «የተታለለው» ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ አይለይምና። ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ ማለትም በእኛ አገር ዓፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ነው። በደቡቡ ግዛት አንድ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። በጦርነቱ ምክንያት አብዛኞቹ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄደው፣ የትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ አንዲት መምህርትና ጥቂት ልጆች ቀርተዋል። አንዲቱ ልጅ እንጉዳይ ልትለቅም ጫካ ስትገባ እግሩን የቆሰለ የጠላት ወታደር ታገኛለች። ደግፋ ታመጣዋለች፤ ሴቶቹም ያስታምሙታል። ቁስሉ ሲሻለው ግን ሰውየው አንዷን በአንድ ቃል፣ ሌላዋን በሌላ ቃል ማባበል ይጀምራል። ቅናት ይገባል። ከደረጃ ላይ ይወድቃል፤ እግሩ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም በእራት ገበታ ላይ በቀረበለት መርዛማ እንጉዳይ ይሞታል። (ፊልሙ ለሕፃናት የሚሆን አለመሆኑን እግረ መንገዳችንን እናሳስባለን።)

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ወደ ፊልም የለወጠው ዶን ሲገል ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1971 ነበር። ወታደሩን የተጫወተው ዝነኛው ክሊንት ኢስትዉድ ነው። በዚህ ፊልም መግቢያ ላይ ወታደሮች በአጠገባቸው ሲያልፉ፣ ልጅቷ ድምፅ እንዳታሰማ ብሎ ቁስለኛው ከንፈሯን ይስማታል። ዕድሜዋ 12 ዓመት ነው። ፊልሙ ይህን እንደ ሰውየው ብልጠት ቆጥሮ ያልፈዋል። ሴቶቹ በልባቸው የሚያስቡት ነገር በድምፅ ይሰማል፤ ሐሳባቸው ግን ሁልጊዜ በእርሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ዶን ሲገል ራሱ ፊልሙ ሴቶች ወንድን ለማኮላሸት ስላላቸው ምኞት እንደሆነ በይፋ ተናግሮ ነበር። እንግዲህ እንደ እርሱ አሳብ፣ ያ ቤት አስፈሪ የሆነው ሴቶች ስላሉበት ነው ማለት ነው።

ከ46 ዓመት በኋላ ሶፊያ ኮፖላ የተባለች ዳይሬክተር ያንኑ ታሪክ እንደገና አነሣችው። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ቤቱም፣ እንጉዳዩም፣ የተቆረጠው እግርም አለ። የተለወጠው የካሜራው ቦታ ነው። ወታደሩ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ቤት ኑሮ እንደነበረ እናያለን፤ ጥልፍ ሲጠልፉ፣ የፈረንሳይኛ ትምህርት ሲያጠኑ፣ የጓሮ አትክልታቸውን ሲኮተኩቱ፣ ማታ ተሰብስበው ሲጸልዩ፣ ከሩቅ ደግሞ የመድፍ ድምፅ ሲሰማ። ጦርነት ሲሆን ሴቶች ምን ይሠራሉ ለሚለው መልሱ ይኸው ነው፤ ይጠብቃሉ፣ እየጠበቁም ይሠራሉ። የ12 ዓመቷን ልጅ የሚስማት የለም። ወታደሩ ራሱን ስቶ ተኝቶ ሰውነቱ ሲታጠብ፣ በፊልም ዓለም ዘወትር የሴት ዕጣ የሆነው መታየት በእርሱ ላይ ይደርሳል። ሴቶቹ ሲፈሩም ለምን እንደሚፈሩ እንረዳለን። ጠመንጃ ያለው፣ የተቆጣ ሰው በቤታቸው ውስጥ ነዋ!

ሶፊያ ኮፖላ በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2017 በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርን ሽልማት አገኘች። በዚያ ፌስቲቫል ይህን ሽልማት ያገኘች ሁለተኛዋ ሴት ናት። የመጀመሪያዋ የሶቪየት ኅብረቷ ዩሊያ ሶልንትሴቫ ስትሆን የተሸለመችው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። በሁለቱ መካከል 56 ዓመት አለ። በ56 ዓመት አንዲት ሴት ተወልዳ፣ አድጋ፣ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ ታያለች።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ከዚያ ቤት ውስጥ የጠፋች አንዲት ሴት አለች።

በከሊናን መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩን በየተራ የሚተርኩት ሴቶቹ ናቸው፤ ወታደሩ አይተርክም። ከተራኪዎቹ አንዷ በዚያ ቤት በባርነት ተይዛ የምትኖር ማቲ የተባለች ጥቁር ሴት ናት። በ1971ዱ ፊልም ስሟ ሃሊ ተብሎ ሜይ መርሰር የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ተጫውታታለች። ይህ የወንድ ፊልም ነው በሚባለው ውስጥ ሃሊ ቁስለኛውን ታስታምማለች፣ ፊት ለፊት ትናገረዋለች፣ የራሷ ያለፈ ታሪክና የራሷ ቁጣ አላት። በሴት ዓይን ተሠራ በተባለው በአዲሱ ፊልም ግን የለችም። ባሮቹ ትተው ሄዱ የሚል አጭር ንግግር ብቻ ይሰማል። ሶፊያ ኮፖላ ስለዚህ ስትጠየቅ፣ ይህን የመሰለ ከባድ ጉዳይ በጨረፍታ ማንሣት አለመፈለጓን ገልጻለች። ምክንያቱ ቅንነት ሊኖረው ይችላል፤ እኛን ግን አላሳመነንም። በዚያ ፊልም ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ነጭና ፈዛዛ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሰው ይታያሉ፤ እጅግ ያምራል። ያ ሁሉ ቀሚስ ለስንት ዓመት በማን እጅ ታጥቦ፣ በማን እጅ ተተኩሶ እዚያ ደረሰ?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ከመካከላችን በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ድርጅቱ በሥራ የምንውል ብዙዎች ነን። ተረጋግተን የምንሠራው ግን አንዲት ልጅ ቤታችንን ስለምትጠብቅልን፣ ሕፃኑን ስለምታዝልልን፣ ወጡን ስለምትሠራልን ነው። ምናልባት ከአንከሻ ወይም ከፋግታ ለኮማ ገጠር የመጣች ናት። ቀን ትሠራለች፤ ዕድል ካገኘች ማታ ትማራለች። ፊልም ሲታይ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያለች፤ ቁጭ በዪ ያላት ሰው ካለ እሰየው። ስለ ሴቶች እኩልነት በስብሰባ ላይ ተናግረን ስንመለስ እራት ታቀርብልናለች። ከእኛ ውስጥ የአባቷን ስም የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ለምን ከአገሯ እንደወጣች፣ ለጋብቻ ታጭታ ሸሽታ እንደሆነ፣ ለትምህርት ጓጉታ እንደሆነ የጠየቅናትስ? የቤታችንን ኑሮ ፊልም እንሥራ ብንል በእርግጥ ከእኛ ዓይን ይጀምራል፤ ሴቶች ነንና «በሴት ዓይን» እንለዋለን። እርሷም በሶፊያ ኮፖላ ቤት እንደሆነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ትታለፍ ይሆናል።

የአገራችንን ፊልም ስንመለከት ደግሞ፣ በ1957 ዓ.ም. ለተመልካች የቀረበው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ርእስ ነበረው። ርእሱ የሴት ልጅ ስም ይዟል፤ የሚጠይቀው ግን አባቷን ነው። ኂሩት በግዕዝ ደግነት፣ ቸርነት ማለት መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል፤ ለሴት ልጅ ስም ሲወጣላት ምን እንደሚጠበቅባት አብሮ ይነገራታል። የመጀመሪያዋ ሂሩት ይህች ናት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ሂሩት በፊልም መጣች። እርሷን የምናየው አባቷን ለማወቅ ብለን አይደለም፤ ሰው ገድላ ለፍርድ የቀረበች የ14 ዓመት ልጅ ስለሆነች ነው።

ይህ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በጀርመን ደግሞ በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ሂሩትን ትዝታ ሀገሬ፣ ጠበቃዋን ሜሮን ጌትነት ተጫውተዋታል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሣሪያ የያዙ ፈረሰኞች ይጠልፏታል። ትደበደባለች፣ ትደፈራለች፣ በጎጆ ውስጥ ይዘጋባታል። የጠላፊውን ጠመንጃ አንሥታ ታመልጣለች፤ ሲደርስባት ትተኩሳለች። የፈረንጁ ጎቲክ ቤት በድንጋይና በመጋረጃ የተሠራ ነው፤ የእኛው ደግሞ ይህ ደጁ የተቀረቀረው ጎጆ ነው። የሚያስፈራው ነገር መንፈስ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ነገ ሽማግሌ ልኮ አማች ሊሆን የሚያስብ ሰው።

በአገው ምድር ፈረስ ክብር ነው። ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ አጊጠው ሲወጡ ማየት ዓይን ያጠግባል፤ እኛም እንኮራበታለን። በቆሰበር የጥንት ዘመን ፊልም ይሠራ ቢባል ካሜራው መጀመሪያ የሚዞረው ወደ ፈረስ እንደሚሆን አንጠራጠርም። «ድፍረት» ውስጥ ያለውን ፈረስ ግን የምናየው ከምትሸሸው ልጅ ጋር ሆነን ነው። ያው ፈረስ፣ ያው ኮቴ፣ ያው አቧራ ነው፤ ከኮርቻው ላይ ሆኖ ለሚያይና ከመሬት ላይ ሆና ለምታይ ግን አንድ አይደለም። ጠላፊ «ወንድ ነው» እየተባለ ሲወደስ የሰማን ሁሉ ዓይን ይለወጣል ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባናል።

ርእሱንም ልብ በሉ። ድፍረት ጀግንነት ነው። ተደፈረች ስንል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቃላት ናቸው። እኛ እናቶች ራሳችን ወንድ ልጃችንን «ደፋር» ስንለው እያሞገስነው፣ ሴት ልጃችንን «ደፋር!» ስንላት እየሰደብናት መሆኑን አስተውለን እናውቃለን? ፊልሙ ከዚህ ሁሉ ስለ አንዲት ቃል ብቻ ቢያሳስበን እንኳ በቂ ነበር።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። የሆነውም እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ነው። የልጅቱ እውነተኛ ስም አበራሽ በቀለ ይባላል። ጠበቃ የቆመችላት በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል መዓዛ አሸናፊ ስትሆን፣ ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ ልጅቱን ነጻ ለቋታል። ወይዘሮ መዓዛ በኋላ፣ ከጥቅምት 2011 እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ወስኖ፣ ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ወንጀለኛውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ አስፍሯል። ልጃገረድ ያላችሁ እናቶች ይህን አንቀጽ ቁጥሩን ጭምር ብታውቁት መልካም ነው፤ «ይታረቁ፣ ያግባት» የሚል ሽማግሌ ሲመጣ ይጠቅማል።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ፣ ልክ ሊጀመር ሲል የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ያሳገደችው አበራሽ በቀለ ነበረች። ታሪኩ የእኔ ነው፣ ፈቃዴ አልተጠየቀም የሚል ነበር አቤቱታዋ። ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዙው ፊልሙን ለመደገፍ የመጣ፣ በጠለፋ ላይ የተነሣ ሰው ነው። ስለ እርሷ ሊያለቅስ፣ ስለ እርሷ ሊያጨበጭብ ተቀምጦ ሳለ እርሷ በፍርድ ቤት በኩል መጣች። ጉዳዩ በኋላ ተቋጭቶ ፊልሙ በአገር ውስጥ ታይቷል፤ ማየትም ይገባ ነበር። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1999 ሻርሎት ሜትካፍ የተባለች እንግሊዛዊት በቢቢሲ ስለ እርሷ ዘጋቢ ፊልም ሠርታ ነበር፤ ስለዚህ የልጅቷ ታሪክ የራሷ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚወሰድበት ምክንያት ልጅቷ አልታወቀችም የሚል ሊሆን አይችልም።

የዘረሰናይን ሥራ ማቃለላችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ወንድ ሆኖ ካሜራውን በልጅቷ በኩል ማቆም እንደሚቻል አሳይቷል፤ ይህም የሴት ዓይን የሚባለው ነገር ካሜራ በያዘው ሰው ጾታ ብቻ እንደማይወሰን ያስረዳል። ነገር ግን በልጅቱ በኩል ማየትና ልጅቱን መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው ይበልጥ አድካሚ ነው። ገንዘብም፣ ጊዜም፣ ምናልባት «አይሆንም» የሚል መልስም ያስከትላል።

ሦስተኛዋን ሂሩት የምናገኘው በመጽሐፍ ውስጥ ነው። በአሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ባሳተመችውና በሚቀጥለው ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ በሆነው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በተሰኘ ልብ ወለዷ፣ የጣሊያንን ወረራ ዘመን በሴቶች ወገን ሆና ትተርካለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሂሩት ናት። ሂሩት የጦር አለቃው የኪዳኔና የባለቤቱ የአስቴር የቤት ሠራተኛ ናት፤ ያላት ንብረት ከአባቷ የተረፈ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ጌታዋ እርሱንም ይወስድባታል። እመቤቲቱ አስቴር ሴቶች ይዝመቱ ብላ የምትነሣ ጀግና ናት፤ በዚያው ቤት ግን ሂሩትን የምትገርፈውም እርሷው ናት። መዓዛ አንዷን አክብራ ሌላዋን አልዘለለችም፤ ሁለቱንም በአንድ ጣራ ሥር አኖረቻቸው። የአሜሪካው ፊልም ከባድ ነው ብሎ የተወውን ሥራ ይህች ደራሲ ሠርታዋለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

መዓዛ እንደተናገረችው፣ የራሷ ቅድመ አያት ጌጤ የአባቷ ጠመንጃ ይገባኛል ብላ በሽማግሌ ፊት ተሟግታ፣ ተፈርዶላት፣ ይዛው ዘምታለች። ይህን ደራሲዋ ከእናቷ የሰማችው መጽሐፉን መጻፍ ከጀመረች ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በመዛግብት ስትፈልገው የነበረው ነገር በእናቷ ጓዳ ተቀምጦ ነበር።

ስለ እኛስ አካባቢ? የሰባት ቤት አገው አመጣጥ ሲነገር አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም የተባሉ ሰባት ወንድማማቾች ስም ይጠራል። ሕፃን ልጅ እንኳ ይቆጥራቸዋል። እኅት አልነበራቸውም? ሚስቶቻቸውስ ከየት መጡ? ይህን ስንል ትውፊቱን መንቀፋችን አይደለም፤ ሰባት ሰዎች ያለ ሴት ሰባት ቤት ሊሆኑ እንደማይችሉ ማንም ያውቃልና ነው።

ሌላም አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከአዊ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ መጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የቦታው ነዋሪዎች አገዎች ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ ባሳተመው አምስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ የአገው ሰዎች ለጎንደር ቅቤ፣ ማርና ከብት እንደሚያቀርቡ ጽፏል። ቅቤውን ማን እንደናጠው አልጻፈም። በግሽ ሲያርፍ ግን የአካባቢው ሹም ልጅ የሆነች፣ 16 ዓመት የሚሆናት ልጅ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ እንድትይዝለት ተደርጎ ነበር። ስሟን ኢሬፖን ብሎ ጽፎታል፤ የጆሮ ነገር ነውና እናቷ የምትጠራት በዚህ ስም መሆኑን እንጠራጠራለን። ስለ ቁመናዋ፣ ስለ መልኳ፣ ስለ ጠባይዋ በፈረንጁ ዓይን የተጻፈ ገለጻ አለ። ከዚያ በኋላ እርሱ ዝናውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ፤ እርሷም ከመጽሐፉ ወጣች።

እስቲ አስቡት። ከሩቅ አገር የመጣ ነጭ ሰው፣ መሣሪያ የያዘ፣ ወርቅ ያለው፣ ከአባቷ ጋር የተስማማ፣ ወደ ቤቷ ይገባል፤ ማስተናገዱ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ይህ የዚያ አሜሪካዊ ትምህርት ቤት ታሪክ መጀመሪያ አይመስልም? የብሩስን ጉዞ ፊልም እንሥራ የሚል ቢመጣ፣ ካሜራው ምንጩ ላይ ቆሞ ሰውየው በደስታ ሲዘል ያሳየን ይሆናል። በኢሬፖን ዓይን ቢሠራ ግን ምንጩ ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ዘወትር የምታየው ነው። አዲሱ ነገር እንግዳው ነው። ምን ይበላል? ስንት ቀን ይቆያል? ሌሊት በሩን ልዝጋ ወይስ ልተወው? አባቴ ስለ ምን ተስማማ? የውሃ ምንጭ ማየት ለዚህ ሁሉ የሚያደርስ ጉዳይ ነው ወይ? በአማርኛ ሳይሆን በአዊኛ ብታስብ ደግሞ ይበልጥ እውነት ይሆናል። የቆሰበር ወጣት ሴቶች የእጅ ስልክ አላቸው፣ በስልክም ፊልም መቅረጽ ያውቃሉ። ይህን ታሪክ ከእነርሱ የተሻለ ማን ይሠራዋል?

ፊልም ለመሥራት ለማይመቸን ደግሞ ቀላሉ መጀመሪያ እናት ወይም አያት ናት። የሠርጓን ቀን ጠይቋት። ማን ተገኘ፣ ስንት ከብት ታረደ የሚለውን አባትም ይነግራችኋል። እርሷን የምትጠይቋት በዚያ ቀን ከየት ሆና ምን ታይ እንደነበር ነው፤ ከጓዳ ሆና ነበር? በስንት ዓመቷ? ሙሽራውን አስቀድማ ታውቀዋለች? ስታለቅስ ከባህሉ የተነሣ ነው ወይስ ከልቧ? በአዊኛ የምትናገር ከሆነች በአዊኛ ይሁን፤ በአማርኛ አታስቸግሯት። የቤት ሠራተኛችሁንም ብትጠይቋት፣ ሥራ ላይ እያለች ሳይሆን ቁጭ ብላ ቡናዋን ስትጠጣ ይሁን፤ አሠሪና ሠራተኛ ናችሁና «እምቢ» ማለት እንደምትችል አስቀድማችሁ ንገሯት። ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት ልቅረጸው ወይ በሉ። አትቅረጪ ካለች መልሳችሁ ከኪስ ክተቱት፤ ቡናው ግን ሦስተኛው እስኪደርስ አይቋረጥ።